ደረት ላይ የተሰካ ማስታወቂያ፦ የቀድሞ የአሜሪካ ቢራ ባጆችና ከጀርባቸው ያሉ ጠማቂዎች

መግቢያ

የንግድ ታሪክ አጥኚ ስለ አንድ ፋብሪካ ለመጻፍ ሲነሣ በቅድሚያ የሚፈልገው የሒሳብ መዝገቡን፣ ቃለ ጉባኤዎቹንና የተጻጻፋቸውን ደብዳቤዎች ነው። እነዚህ ሰነዶች ግን ፋብሪካው ሲዘጋ አብረውት የሚጠፉበት ጊዜ ብዙ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ በ1873 ከ4,100 በላይ ቢራ ጠማቂዎች ነበሩ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቀሩት ፋብሪካዎች ግን 100 አይሞሉም ነበር። በመካከሉ ከጠፉት ሺዎች ውስጥ የተደራጀ ቤተ መዛግብት ትተው ያለፉት ጥቂቶች ናቸው። የብዙዎቹ ስም ዛሬ የሚገኘው በአሮጌ ጋዜጣ ማስታወቂያ፣ በጠርሙስ ላይ፣ አልያም ደረት ላይ በሚሰካ ትንሽ ክብ ባጅ ላይ ብቻ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ትኩረት ይህ ባጅ ነው። ስፋቱ ከእኛ የአንድ ብር ሳንቲም ጋር የሚቀራረብ፣ በነጻ የሚታደል፣ ሲያረጅ የሚጣል ዕቃ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ለታሪክ ጥናት ምን ሊያበረክት ይችላል? ጽሑፉ ይህን ጥያቄ ለመመለስ በመጀመሪያ የባጁን አሠራር፣ ቀጥሎም ጠማቂዎቹ እንዲጠቀሙበት ያደረጓቸውን ምክንያቶች ያብራራል፤ ከዚያም የሦስት ፋብሪካዎችን ታሪክ፣ የአልኮል ክልከላው ያስከተለውን ለውጥና የባጅን ዕድሜ መለያ መንገዶች በአጭሩ ያቀርባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የባጁ አሠራርና የኒውዋርክ ከተማ

ደረት ላይ ምልክት ማድረግ በ1890ዎቹ የተጀመረ ልማድ አይደለም። ከዚያ በፊትም ከሐር ጥብጣብና ከብረት የሚሠሩ ምልክቶች ነበሩ። እነዚህ ግን ወይ ዋጋቸው የማይቀመስ ነበር፣ ወይም ባለቀለም ሥዕል አጥርተው ማሳየት አይችሉም ነበር። መፍትሔው የተገኘው ሴሉሎይድ ከተባለው ነገር ነው። ሴሉሎይድ በናይትሪክ አሲድ የታከመ ጥጥ ከካምፎር ጋር ተዋሕዶ የሚገኝ፣ ሲሞቅ የሚለጠጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ከቀደምት ፕላስቲኮች አንዱ ነው። ጆን ዌስሊ ሃያት በ1870 ገደማ ለገበያ የሚበቃ አድርጎ ከሠራው በኋላ ኩባንያው በኒው ጀርሲ ግዛት ወደምትገኘው ኒውዋርክ ከተማ ተዛወረ።

በዚችው ከተማ ቤንጃሚን ኋይትሄድና ቼስተር ሆግ በ1892 በስማቸው የሚጠራውን ኩባንያ መሠረቱ። በ1893 አማንዳ ሉጊ የተባለች የቦስተን ሴት የልብስ ቁልፍን በስስ ሴሉሎይድ የመሸፈን ዘዴ የፈጠራ መብት አግኝታ ነበር፤ ኋይትሄድና ሆግ ይህን መብት ገዙ። በሐምሌ 1896 ደግሞ ባጁን ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሚገልጽ የፈጠራ መብት በኩባንያው ስም ተመዘገበ። አሠራሩ ቀላል ነው። በወረቀት ላይ የታተመው ሥዕል በክብ ብረት ላይ ይደረጋል፤ በላዩ መስታወት የመሰለ ስስ ሴሉሎይድ ይለበጣል፤ ጠርዙ ወደ ኋላ ይታጠፍና በብረት ቀለበት ይያዛል፤ በቀለበቱ ውስጥም የሽቦ መርፌ ይገባል። ሴሉሎይዱ ወረቀቱን ከላብና ከእርጥበት ይጠብቃል፤ ቀለሙንም ያደምቃል።

የ1896ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ይህን ዕቃ በአንድ ወቅት ለመላው አገር አስተዋወቀ። የዊልያም ማኪንሌይና የዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ደጋፊዎች የዕጩዎቻቸውን ምስል በደረታቸው ሰክተው ታዩ። በዚያው ዓመት የሲጋራ ኩባንያዎች ሥዕላዊ ባጆችን ከምርታቸው ጋር ማደል ጀመሩ። ቢራ ጠማቂዎችም ከዚህ ሰልፍ ወደ ኋላ አልቀሩም።

ጠማቂዎቹ ባጁን ለምን ፈለጉት?

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቢራ የሰፈር ምርት ነበር። ቶሎ ስለሚበላሽ ከተጠመቀበት ከተማ ብዙም አይርቅም፤ ገዢውም ጠማቂውን በዐይን ያውቀዋል። እንዲህ ላለ ገበያ አርማ እምብዛም አያስፈልግም። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ግን ሁኔታው ተለወጠ። የሰው ሠራሽ ማቀዝቀዣ፣ በበረዶ የሚቀዘቅዙ የባቡር ፉርጎዎችና ቢራን በሙቀት ከብልሽት የመጠበቅ ዘዴ ተጣምረው የሴንት ሉዊስ ቢራ ቴክሳስ፣ የሚልዋኪ ቢራም ኒው ዮርክ እንዲጠጣ አስቻሉ። ገዢው የማያውቀው ጠማቂ ቢራ ከፊቱ ሲቀርብለት እምነቱን የሚጥልበት ምልክት ያስፈልገው ጀመር። ምልክቱም አርማው ሆነ።

ውድድሩ የመረረው በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ነበር። በዘመኑ አብዛኛው ቢራ የሚሸጠው ከበርሜል እየተቀዳ በመሆኑ ጠጪው የጠርሙስ ምልክት አያይም። ጠማቂዎቹ የመጠጥ ቤቶችን ኪራይ በመክፈል፣ ለፈቃድ ገንዘብ በማበደርና ዕቃ በማሟላት ባለቤቶቹ የእነርሱን ቢራ ብቻ እንዲሸጡ ያስገድዱ ነበር። በአንድ መስቀለኛ መንገድ አራት ማዕዘን አራት ጠማቂዎች አራት መጠጥ ቤት መክፈታቸው እንግዳ አልነበረም። የመስታወት ማስታወቂያ፣ ትሪ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ የኪስ ቢላዋና የሰዓት ማንጠልጠያ የሚታደለው በዚህ ፉክክር ውስጥ ነው። የአንሃይዘር ቡሽ ባለቤት አዶልፈስ ቡሽ በትንሽ ቀዳዳ ሲመለከቱት የእርሱን ምስል የሚያሳይ የኪስ ቢላዋ በስጦታ ያድል እንደነበር የታወቀ ነው።

ባጁ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው አንድ ጠባይ ነበረው። መስታወቱ ግድግዳ ላይ፣ ቢላዋው ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ ባጁ ግን ከለባሹ ጋር ይሄዳል። የለበሰው አሳላፊ፣ ሻጭ፣ የጋሪ ነጂ ወይም በበዓል ሰልፍ የወጣ ደንበኛ ሳይከፈለው አስተዋዋቂ ይሆናል።

ሦስት ጠማቂዎች፣ ሦስት ምልክቶች

የባጅ ገጽታ ጠባብ ስለሆነ ጠማቂው ስለራሱ ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመረጠው ነገር ራሱን እንዴት ይመለከት እንደነበር ያሳያል። የሚከተሉት ሦስት ምሳሌዎች ይህን ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው ፓብስት ነው። የፓብስት ፋብሪካ መነሻ ከጀርመን የፈለሰው የቤስት ቤተሰብ በ1844 በሚልዋኪ የመሠረተው ጠመቃ ነው። ፍሬድሪክ ፓብስት በሚሺጋን ሐይቅ ላይ የመርከብ ካፒቴን ነበር፤ የቤስትን ልጅ አግብቶ ወደ ሥራው ገባና ፋብሪካውን አሳደገው። ድርጅቱ በ1889 በፓብስት ስም ተጠራ። ከ1882 ጀምሮ በተመረጠው ቢራ ጠርሙስ አንገት ላይ ሰማያዊ የሐር ጥብጣብ ይታሰር ነበር፤ ደንበኞችም ቢራውን በጥብጣቡ እየጠሩ ይጠይቁ ጀመር። ጥብጣቡ በኋላ ከጠርሙሱ አንገት ወርዶ የታተመ ምልክት ሆነ። ፓብስት በ1893 በቺካጎ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከአንሃይዘር ቡሽ ጋር ብርቱ የሽልማት ክርክር ገጥሞ ነበር፤ ስለ ውጤቱም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በማስታወቂያዎቹ ላይ ግን ክርክሩ የለም፤ ያለው ጥብጣቡ ብቻ ነው። አንድ ምልክት የሚናገረውን ያህል የሚሸፍን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ሽሊትዝ ነው። ኦገስት ክሩግ በ1849 በሚልዋኪ የጀመረውን ጠመቃ እርሱ ሲሞት የሒሳብ ሠራተኛው ጆሴፍ ሽሊትዝ መራው፤ የሟቹንም ባለቤት አገባ። ሽሊትዝ በ1875 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ አቅራቢያ በደረሰ የመርከብ አደጋ ሕይወቱ አለፈ፤ ፋብሪካውም የክሩግ የእህት ልጆች በሆኑት በዩላይን ወንድማማቾች እጅ ገባ። ስሙ ግን እንዳለ ቀጠለ። የሽሊትዝ ምልክት በመቀነት የታጠቀ የምድር ሉል ነው፤ መፈክሩም ሚልዋኪን ዝነኛ ያደረጋት ይህ ቢራ መሆኑን ያውጃል። ከተማዋ ቢራውን ሳይሆን ቢራው ከተማዋን አስጠራ ማለት ነው። ከ1871ዱ የቺካጎ ከባድ ቃጠሎ በኋላ ወደዚያች ከተማ ገብቶ ገበያውን ላሰፋ ጠማቂ ምድርን በአርማው መታጠቅ የፍላጎቱ መግለጫ ነበር።

ሦስተኛው ባለንታይን ሲሆን ታሪኩ ከሁለቱ ይለያል። ፒተር ባለንታይን ስኮትላንዳዊ ነበር፤ በ1840 ወደ ኒውዋርክ መጥቶ ጠመቃ ጀመረ። ምልክቱ እርስ በርስ የተቆላለፉ ሦስት ቀለበቶች ናቸው፤ ንጽሕናን፣ ይዘትንና ጣዕምን ይወክላሉ። ለዚህ ጥናት የባለንታይን ጥቅሙ በቦታው ነው። ሴሉሎይዱን የሚያመርተው ኩባንያ፣ ባጁን የሚሠራው ድርጅትና ቢራውን የሚጠምቀው ፋብሪካ በአንድ ከተማ ይገኙ ነበር። በዚችው ኒውዋርክ የነበረው የክሩገር ቢራ ፋብሪካ ደግሞ በጥር 1935 በዓለም የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቢራ ለገበያ አቅርቧል። የቢራ ማስታወቂያ ታሪክ የጠማቂዎች ታሪክ ብቻ ሳይሆን የማተሚያ፣ የብረትና የኬሚካል ኢንዱስትሪዎች ታሪክ መሆኑን ኒውዋርክ ታስተምራለች።

ከታላላቆቹ ውጭ ያሉት የትናንሽ ከተሞች ጠማቂዎች የየራሳቸውን ሥዕል ለማስነደፍ አቅሙ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ የተለመዱ ምስሎችን ይጠቀሙ ነበር፤ የሚያስቅ መነኩሴ፣ ንስር፣ ብርጭቆ የያዘች ሴት ወይም ፍየል። ፍየሉ ጠንካራውንና በጸደይ የሚሸጠውን ቦክ የተባለ ቢራ ያመለክታል፤ ቃሉ በጀርመንኛ ወጠጤ ፍየል ማለት በመሆኑ ሥዕሉን የጀርመን ስደተኞች ያለ ማብራሪያ ይረዱታል። በባጁ ላይ የሚታየው ፍየል ገዢዎቹ እነማን እንደነበሩ ይጠቁማል።

ነጩ ጥብጣብና የክልከላው ዘመን

በደረት ላይ ምልክት ያደርጉ የነበሩት የቢራ ወዳጆች ብቻ አልነበሩም። በ1874 የተመሠረተው የክርስቲያን ሴቶች የመጠጥ ተቃዋሚ ኅብረት አባላት ነጭ ጥብጣብ ያደርጉ ነበር። በ1893 በኦሃዮ የተመሠረተው የጸረ መጠጥ ቤት ማኅበር ደግሞ ዘመቻውን ወደ ምክር ቤቶች ወሰደው። የእነዚህ ሰዎች ክስ መሠረት የለሽ አልነበረም። ደመወዙን መጠጥ ቤት ጨርሶ ወደ ቤቱ ባዶ እጁን የሚመለስ አባወራ በዘመኑ እውነተኛ ችግር ነበር፤ ጠማቂዎቹ ለመጠጥ ቤቶች ይሰጡት የነበረው ገንዘብም ችግሩን አባብሶታል። በነጻ የሚታደለው ባጅ የዚህ ሥርዓት አካል መሆኑን አጥኚው ሊዘነጋ አይገባም። ዛሬ በሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ የሚያምረው ሥዕል በዚያን ጊዜ በአንዳንድ ቤት የሐዘን ምልክት ነበር።

አሜሪካ በ1917 ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገጥም የጠማቂዎቹ የጀርመን ስም ተጨማሪ ዕዳ ሆነባቸው። በ1919 የጸደቀው 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጥር 1920 ሥራ ላይ ዋለ፤ ቢራ መጥመቅም ተከለከለ። አቅም ያላቸው ፋብሪካዎች አልኮል የሌለው መጠጥ፣ የብቅል ሽሮፕ፣ አይስክሬም ወይም አይብ ወደ ማምረት ዞሩ። አንሃይዘር ቡሽ ከክልከላው ጥቂት ቀደም ብሎ ቤቮ የተባለ መጠጥ አውጥቶ ነበር፤ ፓብስት ፓብሎን፣ ሽሊትዝም ፋሞን አቀረቡ። አቅም ያልነበራቸው ግን በራቸውን ዘግተው ቀሩ። በ1915 ወደ 1,300 ገደማ ከነበሩት ጠማቂዎች ብዙዎቹ ከክልከላው በኋላ አልተመለሱም። የብዙ ትናንሽ ፋብሪካዎች ባጅ ከ1896 እስከ 1919 ባሉት ሃያ ሦስት ዓመታት ብቻ ተወስኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የክልከላው መጨረሻ ሲቃረብ ባጁ በሌላ መልክ ተመለሰ። ቢራ ይመለስልን፣ 18ኛው ማሻሻያ ይሻር የሚሉ ባጆች በብዛት ታተሙ፤ በግንቦት 1932 የኒው ዮርክ ከንቲባ ጂሚ ዎከር የመሩት ታላቅ የቢራ ሰልፍም ተካሄደ። ሚያዝያ 7 ቀን 1933 በክብደት እስከ 3.2 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ክልከላው በ21ኛው ማሻሻያ ተሻረ። አዲሶቹ ሕጎች ግን ጠማቂው መጠጥ ቤቱን በገንዘብና በስጦታ እንዳይቆጣጠር ገደብ አበጁ። ራዲዮና በኋላም ቴሌቪዥን ሲመጡ ትልቁ የማስታወቂያ ገንዘብ ወደዚያ ሄደ። ባጁ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከዋና መሣሪያነት ወደ ሽያጭ ሠራተኞችና በዓላት ማድመቂያነት ወረደ።

የባጅን ዕድሜ እንዴት እንለያለን?

ባጅ ዓመተ ምሕረት እምብዛም አይታተምበትም። ስለዚህ አጥኚው ከአሠራሩና ከጽሑፉ ፍንጭ መልቀም ይኖርበታል። ጠቃሚ ከሆኑት መንገዶች አራቱ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ጀርባው። ቀደምት ባጆች በጀርባቸው የሠሪውን ኩባንያ ስም፣ አድራሻና የፈጠራ መብቱን ቀን የያዘ ትንሽ ወረቀት አላቸው። የሐምሌ 1896 ቀን ያለበት ወረቀት ባጁ ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ያረጋግጣል፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ ቀኑ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ይታተም ነበርና።

ሁለተኛ፣ የኅትመቱ ዓይነት። ሥዕሉ በወረቀት ላይ ሳይሆን በቀጥታ በብረቱ ላይ የታተመ ከሆነ ባጁ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወዲህ የመጣ ነው። በዚህ ዘዴ የተሠራና የ1898 ባጅ ነው ተብሎ የሚቀርብ ዕቃ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል።

ሦስተኛ፣ የድርጅቱ ስም። የፓብስት ስም ያለበት ባጅ ድርጅቱ ስሙን ከለወጠበት ከ1889 በፊት ሊሆን አይችልም። የፋብሪካ ስም፣ ባለቤትና ከተማ በተለወጠ ቁጥር ለአጥኚው አዲስ ወሰን ይፈጠራል።

አራተኛ፣ አድራሻው። አሜሪካ የፖስታ መለያ ቁጥርን የጀመረችው በ1963 በመሆኑ አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር የታከለበት አድራሻ ከዚያ ወዲህ ነው።

የተመሳሳይ ቅጂ ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የፖለቲካ ባጆች ቅጂ የተሠራበት ዓመት እንዲታተምበት ያስገድዳል። የቢራ ባጅ ግን የፖለቲካ ዕቃ ባለመሆኑ ይህ ግዴታ አይነካውም። ስለሆነም ገዢውም አጥኚውም የሚተማመኑት በዕቃው ምርመራ ላይ ነው።

ባጁ የማይናገረው

ባጅን እንደ ሰነድ ስንቀበል ወሰኑንም ማወቅ አለብን። ባጁ ጠማቂው ምን ሊባልለት ይፈልግ እንደነበር ይመሰክራል፤ ቢራው ምን ያህል እንደተሸጠ፣ የለበሰውም ሰው ያንን ቢራ ይጠጣ እንደነበር አይመሰክርም። ከዚህም በላይ ለዛሬ የበቁት ባጆች ሚዛናዊ ናሙና አይደሉም። በሻጭ መሳቢያ ውስጥ ሳይነኩ የቀሩት ተርፈዋል፤ በየቀኑ የተለበሱት፣ ማለትም ሥራቸውን የሠሩት፣ በዝናብና በላብ ዝገው ጠፍተዋል።

የተረፉትም ቢሆኑ አስተማማኝ ደኅንነት የላቸውም። ሴሉሎይድ በራሱ ጊዜ የሚፈርስ ነገር ነው፤ ሲፈርስ የሚያወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ብረቱን ይበላል፣ ወረቀቱንም ያበላሻል። ፊቱ ላይ የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ የመጣ ዝገት ነው። ባጅን በውኃ ማጠብ ጉዳቱን ያፋጥናል። ተመራጩ አያያዝ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ጨለማና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ነው፤ ዕቃው በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም ከእሳት ይራቅ።

ሌላው ጥፋት ከሰው የሚመጣ ነው። በአሜሪካ የቢራ ዕቃ ሰብሳቢዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተደራጅተው ብዙ ቅርስ አድነዋል። ነገር ግን አንድ የአሳላፊ ባጆች ስብስብ ለሐራጅ ሲቀርብና ሲበታተን የእያንዳንዱ ባጅ ዋጋ ሊጨምር ይችላል፤ ማን፣ የትና መቼ እንደለበሰው የሚያስረዳው ታሪክ ግን ይጠፋል። ባጁ ይተርፋል፤ ሰነድነቱ ግን ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የቢራ ባጅ ከ1896 ወዲህ የተስፋፋው ሦስት ነገሮች በመግጠማቸው ነው፤ ርካሽ የሴሉሎይድ አሠራር፣ ከሰፈር የወጣ የቢራ ገበያ እና በመጠጥ ቤቶች ውስጥ የተካሄደ ብርቱ ፉክክር። የአልኮል ክልከላው ብዙዎቹን ጠማቂዎች ከነሰነዶቻቸው አጠፋ፤ የተረፉት ታላላቆችም ቢሆኑ ዘላቂ አልሆኑም። የባለንታይን የኒውዋርክ ፋብሪካ በ1972፣ የሽሊትዝ የሚልዋኪ ፋብሪካ በ1981፣ የፓብስት የሚልዋኪ ፋብሪካም በ1996 ተዘግተዋል። በማይረባነታቸው ያልተፈለጉት ትናንሽ ባጆች ግን የብረት ጋኖቹን ዕድሜ አልፈው ቆይተዋል።

ይህ ለእኛም ትምህርት አለው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1922 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአገራችን የታተሙ የጠርሙስ ወረቀቶች፣ ቆርኪዎች፣ ትሪዎችና የግድግዳ ማስታወቂያዎች ዛሬ ተራ ዕቃ ይመስላሉ። ተራ በሆኑበት በዚህ ጊዜ ከየት እንደመጡና ማን ይጠቀምባቸው እንደነበር አብሮ መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከጠፉ በኋላ ግን በማንኛውም ወጪ አይገኙም።